የራም ፍጥነት አመራረጥ፦ መጀመሪያ ፕሮሰሰሩ፣ ቀጥሎ ማዘርቦርዱ፣ ራሙ መጨረሻ

ራም ላይ የተጻፈው ፍጥነት ራሙ ሊደርስበት የሚችለው ነው እንጂ እናንተ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ የሚሠራበት አይደለም። የሚሠራበትን ፍጥነት አራት ነገሮች ይወስኑታል፦ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የሜሞሪ መቆጣጠሪያ፣ የማዘርቦርዱ ቺፕሴት (ቦርዱ ምን እንደሚፈቅድ የሚወስነው ቺፕ)፣ ራሙ ውስጥ የተመዘገበው የፍጥነት ሠንጠረዥ እና የምትሰኩት ራም ብዛት። ከአራቱ ዝቅተኛው የፈቀደው ይጸናል። 3600 የተጻፈበት ውድ ራም በ2133 ሲሠራ፣ 2666 ብቻ የተጻፈበት ርካሽ ራም ደግሞ እዚያው ማሽን ላይ ሊበልጠው የሚችለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ማሽናችሁን ጠይቁ።

ደረጃ 1፦ ያላችሁን ጻፉ

ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ሲከፈት ፐርፎርማንስ የሚለውን፣ ቀጥሎ ሜሞሪን ምረጡ። ከግራፉ በታች ስፒድ፣ ስሎትስ ዩዝድ እና ፎርም ፋክተር የሚሉ መስመሮች አሉ፤ ሦስቱንም ወረቀት ላይ አስፍሩ። ፎርም ፋክተሩ ዲም ካለ ረጅሙ የዴስክቶፕ ራም ነው፤ ሶዲም ካለ አጭሩ የላፕቶፕ ራም ነው። የዴል ማይክሮ፣ የኤችፒ ሚኒ እና የሌኖቮ ታይኒ ኮምፒውተሮች ዴስክቶፕ ቢባሉም የሚወስዱት ሶዲም ስለሆነ ይህን መስመር ሳያዩ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

እዚያው ሲፒዩ የሚለውን ስትጫኑ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም ታገኛላችሁ። የማዘርቦርዱን ሞዴልና ቺፕሴት ለማወቅ ሲፒዩ-ዚ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑና ሜይንቦርድ የሚለውን ክፍል እዩ። ሜሞሪ በሚለው ክፍል ደግሞ ድራም ፍሪኩዌንሲ የሚል ቁጥር አለ። 2666 የገዛ ሰው እዚህ ቦታ 1333 ሲያይ ተታልያለሁ ብሎ ሻጩ ጋ ይመለሳል፤ አልተታለለም። የዲዲአር ራም በአንድ የሰዓት ምት ሁለት ጊዜ ስለሚያስተላልፍ ፕሮግራሙ የሚያሳየው ትክክለኛው ምት ከተጻፈው ግማሽ ነው። በገበያ ሁሉም ሜጋኸርዝ ይለዋል እንጂ ራም ላይ የታተመው ቁጥር በሰከንድ የሚደረግ የሜጋ ትራንስፈር ብዛት ነው። ከዚህ በታች የምንጠራቸው ቁጥሮች ሁሉ ራም ላይ እንደሚታተሙት ናቸው።

ደረጃ 2፦ ትውልዱን ለዩ

የዴስክቶፕ ዲዲአር3 240 እግር አለው፤ በ1.5 ቮልት ይሠራል፤ ዲዲአር3ኤል የሚባለው ዝርያው በ1.35 ቮልት። ዲዲአር4 288 እግርና 1.2 ቮልት፣ ዲዲአር5 ደግሞ ያው 288 እግር ሆኖ 1.1 ቮልት ነው። የዲዲአር4 እና የዲዲአር5 እግር ብዛት እኩል ቢሆንም ከታች ያለው ቁርጥ ቦታው ይለያያል። ስሎቱ አልቀበል ካለ እየገፋችሁት ያለው የተሳሳተ ትውልድ ነውና አትታገሉት፤ ስሎት ከተሰነጠቀ ማዘርቦርዱ አብሮ ይሄዳል።

የኢንቴል 4ኛ ትውልድ ዲዲአር3 ብቻ ነው። 6ኛውና 7ኛው ዲዲአር4 ይወስዳሉ፤ አንዳንድ ማዘርቦርድ ግን ለዲዲአር3ኤል የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ቦርድ ካጋጠማችሁ ባለ 1.5 ወይም ባለ 1.65 ቮልት የቆየ ራም አትሰኩበት፤ የእነዚህ ፕሮሰሰሮች የሜሞሪ መቆጣጠሪያ የተሠራው ለ1.35 ቮልት ነው፣ ከፍ ያለው ቮልቴጅ በጊዜ ብዛት ሊጎዳው ይችላል። ከ12ኛ እስከ 14ኛ ያሉት ፕሮሰሰሮች ከዲዲአር4ም ከዲዲአር5ም ጋር ይሠራሉ፤ የሚለየው ማዘርቦርዱ ነው። ኮር አልትራ 200 ዴስክቶፕ ዲዲአር5 ብቻ ነው። በኤኤምዲ በኩል ኤኤም4 ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ቦታ) ዲዲአር4፣ ኤኤም5 ሶኬት ዲዲአር5 ነው፤ መቀላቀል የለም።

ደረጃ 3፦ ፕሮሰሰሩ በይፋ የሚቀበለው ፍጥነት

ኢንቴል ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ባወጣው መግለጫ ሜሞሪ ታይፕስ በሚለው መስመር፣ ኤኤምዲ ደግሞ ማክስ ሜሞሪ ስፒድ በሚለው ይጽፈዋል። በብዛት ገበያ ላይ ያሉትን እንዘርዝር።

ኢንቴል፦
4ኛ ትውልድ፣ ለምሳሌ ኮር አይ5 4570፦ ዲዲአር3 1600።
6ኛ፣ ኮር አይ5 6500፦ ዲዲአር4 2133።
7ኛ፣ ኮር አይ5 7500፦ 2400።
8ኛ እና 9ኛ፦ አይ3 2400፣ አይ5 እና አይ7 2666።
10ኛ፦ አይ3 እና አይ5 2666፣ አይ7 እና አይ9 2933።
11ኛ፣ ከአይ5 ጀምሮ፦ 3200።
12ኛ፦ ዲዲአር4 3200 ወይም ዲዲአር5 4800።
13ኛ እና 14ኛ፦ ዲዲአር4 3200፤ በዲዲአር5 አይ5 13400 እና 14400 4800፣ አይ5 13600ኬ፣ 14600ኬ እና ከዚያ በላይ ያሉት 5600።

ኤኤምዲ፦
ራይዘን 1000፦ 2666።
ራይዘን 2000፦ 2933።
ራይዘን 3000፦ 3200። 3200ጂ እና 3400ጂ ግን ስማቸው 3000 ቢሆንም ውስጣቸው የቀዳሚው ንድፍ ስለሆነ 2933 ናቸው።
ራይዘን 5000፦ 3200።
ራይዘን 7000፦ ዲዲአር5 5200።
ራይዘን 9000፦ ዲዲአር5 5600።

እነዚህ ቁጥሮች ጣሪያ ናቸው፤ ከእነሱ የፈጠነ ራም መሰካት አይከለከልም። አይ5 6500 ላይ መደበኛ 2666 ራም ብትሰኩ ራሙ ወደ 2133 ወርዶ በሰላም ይሠራል። ምንም አይበላሽም፤ ለማትጠቀሙበት ፍጥነት መክፈላችሁ ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ ቺፕሴቱ የሚፈቅደውን እዩ

ኢንቴል ላይ ከይፋዊው ጣሪያ ማለፍ የሚቻለው ቺፕሴቱ ከፈቀደ ብቻ ነው። ኤች110፣ ቢ150፣ ቢ250፣ ኤች310፣ ቢ360፣ ቢ365፣ ኤች410፣ ቢ460፣ ኤች510 እና ኤች610 አይፈቅዱም። በዜድ የሚጀምሩት ይፈቅዳሉ፤ ከቢ560 ወዲህ ያሉት የቢ ቺፕሴቶችም፣ ማለትም ቢ560፣ ቢ660 እና ቢ760፣ ይፈቅዳሉ። አይ5 10400 ቢ460 ቦርድ ላይ ከሆነ 3200 ራም ብትገዙ 2666 ላይ ይቆማል። ያው ፕሮሰሰር ዜድ490 ላይ ቢሆን በ3200 መሥራት ይችላል፤ ልዩነቱ የቦርዱ ነው።

በ12ኛ ትውልድ ስማቸው ላይ ኬ የሌለባቸው ፕሮሰሰሮች፣ አይ5 12400ን ጨምሮ፣ ሌላ ገደብ አለባቸው። የሜሞሪ መቆጣጠሪያውን የሚመግበው ቮልቴጅ ስለተቆለፈ ዲዲአር4ን ጊር 1 በሚባለው ፈጣን አሠራር ከ3200 ብዙ ማራቅ ያስቸግራል። ቦርዱ 3600ን ወይም 4000ን ሲቀበል መቆጣጠሪያውን ወደ ጊር 2፣ ማለትም ወደ ግማሽ ፍጥነት፣ ሊያወርደው ይችላል፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ አድጎ ምላሹ ይዘገያል። ለእነዚህ ፕሮሰሰሮች ጥሩ 3200 ሲኤል16 ራም (ሲኤል የራሙ መዘግየት ቁጥር ነው፤ ደረጃ 5 ላይ እናየዋለን) ገዝቶ መገላገል ይሻላል።

የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ፈጣኑ ራም ለምን ይዘገያል

ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ፕሮዴስክ ወይም ሌኖቮ ቲንክሴንተር ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ።

እያንዳንዱ ራም ላይ ኤስፒዲ የሚባል ትንሽ ቺፕ አለ። በውስጡ ራሙ በየትኛው ፍጥነት፣ በየትኛው ቮልቴጅና በየትኛው ታይሚንግ (የምላሽ መዘግየት ቁጥሮች) እንደሚሠራ የሚገልጽ ሠንጠረዥ ተመዝግቧል። መሠረታዊው ሠንጠረዥ የራም ደረጃዎችን የሚያወጣው ድርጅት ጄዴክ ባወጣው ደረጃ የተጻፈ ሲሆን የትኛውም ኮምፒውተር ያነበዋል። ለጌም የሚሸጡ ራሞች ግን ካርቶናቸው ላይ የሚያሳዩትን ከፍተኛ ፍጥነት የሚያስቀምጡት በተጨማሪ ሠንጠረዥ ላይ ነው፤ የኢንቴሉ ኤክስኤምፒ፣ የኤኤምዲው ኤክስፖ ይባላል። ይህ ተጨማሪ ሠንጠረዥ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ካልተከፈተ አይሠራም። የቢሮ ኮምፒውተሮች ባዮስ ደግሞ በአብዛኛው ይህን ምርጫ ጭራሽ አያቀርብም።

ውጤቱን በምሳሌ እንይ። አይ5 8500 ያለው ኦፕቲፕሌክስ 2666 ይቀበላል። ባለ 3600 የጌም ራም ስትሰኩበት ኮምፒውተሩ ኤክስኤምፒውን አያይም፤ መሠረታዊውን ሠንጠረዥ ያነባል፣ በብዙዎቹ የዲዲአር4 ጌም ራሞች ላይ ደግሞ ይህ 2133 ወይም 2400 ነው። ሙቀት ማብረጃም መብራትም የሌለው ተራ 2666 ራም ግን 2666ን የመዘገበው መሠረታዊው ሠንጠረዥ ላይ ስለሆነ በሙሉ ፍጥነቱ ይነሳል። ርካሹ ይበልጣል።

ከመግዛት በፊት ለመለየት ሁለት ምልክቶችን እዩ። አንደኛው ቮልቴጁ ነው፦ ዲዲአር4 ሆኖ 1.35 ቮልት ከተጻፈበት የታተመው ፍጥነት የኤክስኤምፒ ነው፤ 1.2 ቮልት ሆኖ ሲኤል19 ወይም ሲኤል22 ካለው መደበኛ ነው። ሁለተኛው የአምራቹ መግለጫ ነው፦ አንዳንዶቹ ኤስፒዲ ስፒድ እና ቴስትድ ስፒድ ብለው ለይተው ይጽፋሉ። ለቢሮ ኮምፒውተር የሚመለከታችሁ የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ኤኤምዲ ላይ የልኩ ነጥብ

ራይዘን ላይ የራም ፍጥነት ከፕሮሰሰሩ የውስጥ መገናኛ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ከኢንቴል ይልቅ ጥቅሙ ይታያል። ራይዘን 3000 እና 5000 ላይ ራሙና የውስጥ መገናኛው አንድ ለአንድ እኩል ሲሄዱ ምላሹ ፈጣን ነው። 3600 ራም ማለት 1800 የሰዓት ምት ነው፤ አብዛኞቹ ፕሮሰሰሮች ይህን ያለ ችግር ይይዙታል። ከ3800 ሲያልፍ ግን ብዙውን ጊዜ እኩልነቱ ይፈርስና መቆጣጠሪያው ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ 4000 ራም ገዝቶ ከ3600 የባሰ ውጤት ማግኘት የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ ኤኤም4 ላይ ምርጫው 3600 ሲኤል16 ወይም ሲኤል18 ነው፤ ዋጋው ካልተመቸ 3200 ሲኤል16 በቂ ነው።

ኤኤም5 ላይ የልኩ ነጥብ በ6000 አካባቢ ይገኛል። 6000 ሲኤል30 ራም ከኤክስፖ ጋር መግዛት ለራይዘን 7000ም ለ9000ም ጥሩ ምርጫ ነው፤ ከ6400 በላይ መሄድ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሜሞሪ መቆጣጠሪያውን ወደ ግማሽ ያስወርዳል። ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ኮምፒውተር፣ ለምሳሌ ራይዘን 5600ጂ ወይም 8600ጂ፣ ፍጥነት ላይ ትንሽ መጨመር ያዋጣል፤ የምስሉ ክፍል የሚጠቀመው ይህንኑ ራም ነውና። ኤክስኤምፒም ሆነ ኤክስፖ በአምራቾቹ ዘንድ እንደ ኦቨርክሎክ፣ ማለትም ከይፋዊው ፍጥነት በላይ እንደ ማሠራት፣ እንደሚቆጠር ግን እወቁ፤ ዋስትና የተሰጠው እስከ ይፋዊው ጣሪያ ድረስ ነው።

ደረጃ 5፦ ሲኤልን አስሉ

ፍጥነት ብቻውን አይበቃም። ሲኤል የሚለው ቁጥር ራሙ ተጠይቆ መልስ እስኪጀምር ስንት ምት እንደሚፈጅበት ይናገራል። ሁለት ራሞችን ለማወዳደር ሲኤሉን በ2000 አባዙና ለፍጥነቱ አካፍሉ፤ ውጤቱ በናኖ ሰከንድ ነው። 3200 ሲኤል16 10 ናኖ ሰከንድ ይሆናል፤ 3600 ሲኤል18ም 10 ነው። 3200 ሲኤል22 13.75 ነው። 6000 ሲኤል30 10፣ 6000 ሲኤል40 ደግሞ 13.3 ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ይሻላል። ሁለት ራሞች እኩል ከሆኑ ፍጥነቱ ከፍ ያለውን ውሰዱ፤ በሰከንድ የሚያስተላልፈው ይበዛል።

ደረጃ 6፦ አንድ ትልቅ ሳይሆን ሁለት እኩል

ይህ ከፍጥነት ቁጥሩ ይልቅ ለውጥ ያመጣል። አንድ ፍሬ 3200 ራም በሰከንድ እስከ 25.6 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ሁለት ፍሬ 2400 በሁለት ቻናል፣ ማለትም በሁለት መንገድ በአንድ ጊዜ፣ 38.4 ያስተላልፋል። ባለ 16 ጊጋ አንድ ከምትገዙ ባለ 8 ጊጋ ሁለት ግዙ፤ በጀታችሁ ከፍጥነትና ከጥንድ አንዱን አስመርጧችሁ ከሆነ ጥንዱን ምረጡ።

አራት ፍሬ መሰካት ግን ፍጥነትን ይቀንሳል፤ እያንዳንዱ ቻናል ሁለት ራም ሲሸከም የመቆጣጠሪያው ሸክም ይጨምራል። ራይዘን 7000 እና 9000 ላይ በአራት ፍሬ ይፋዊው ጣሪያ ወደ 3600 ይወርዳል፤ ራይዘን 3000 ላይም ከ3200 ወደ 2933 ወይም 2666። ዲዲአር5 ላይ 64 ጊጋ የሚያስፈልገው ሰው አራት ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 32 ይግዛ።

ያላችሁ ላይ ልትጨምሩ ከሆነ የአሮጌውን ፍጥነት፣ ሲኤል እና ቮልቴጅ አይታችሁ ተመሳሳዩን ፈልጉ። የተለያዩ ከሆኑ ሁሉም በዘገምተኛው ይሄዳሉ። መደበኛ ራሞች ሲቀላቀሉ አብዛኛውን ጊዜ ይግባባሉ፤ ሁለት የተለያዩ የኤክስኤምፒ ራሞች ግን ኤክስኤምፒ ሲበራ አንነሳም ማለታቸው የተለመደ ነው።

ደረጃ 7፦ ተለጣፊውን አንብቡ

ፍጥነቱ በሁለት መንገድ ይጻፋል። ፒሲ4-21300 እና ፒሲ4-2666ቪ አንድ ናቸው። አምስት አሃዝ ያለው በሰከንድ የሚተላለፈው ሜጋባይት ነው፤ ለ8 ስታካፍሉት ፍጥነቱ ይወጣል። ፒሲ3-12800 1600፣ ፒሲ4-19200 2400፣ ፒሲ4-25600 3200 ነው። ከአጭሩ ቁጥር ኋላ ያለው ፊደል ታይሚንጉን ያመለክታል፦ 2400ቲ ሲኤል17፣ 2666ቪ ሲኤል19፣ 3200ኤኤ ሲኤል22።

ከዚያ ቀጥሎ ካለው ሰረዝ በኋላ ያለውን ፊደል በደንብ እዩ። ዩ ከሆነ የዴስክቶፕ ነው። ኤስ የላፕቶፕ ነው። አር ከሆነ የሰርቨር ራም ነው፤ ዲዲአር4 ላይ መጠኑና ቁርጡ ከዴስክቶፑ ጋር አንድ ስለሆነ ስሎቱ ውስጥ ይገባል፣ ተራ ዴስክቶፕ ላይ ግን አይነሳም። ያገለገለ ራም በሚሸጥበት ቦታ በርካሽ የሚቀርብ ባለ 16 ጊጋ ዲዲአር4 ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ለኤኤምዲ ብቻ ተብሎ የሚሸጥ ባለ 4 ወይም ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር3ም ኢንቴል ላይ አይሠራም፤ የቺፖቹ አደረጃጀት የተለየ ነው።

ዕቃው ከውጭ በዘመድ በኩል የሚመጣ ከሆነ መመለስ ስለማይቻል የማዘርቦርዱ አምራች ካወጣው የተፈተሹ ራሞች ዝርዝር ውስጥ ሙሉውን የሞዴል ቁጥር ቀድታችሁ ላኩ። ባለ 16 ጊጋ 3200 ብሎ ብቻ መላክ የላፕቶፕ ራም ያስመጣል።

ደረጃ 8፦ መሰካትና ማብራት

ኮምፒውተሩን አጥፉ፤ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፤ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኃይል አውጡ። የሳጥኑን ቀለም ያልተቀባ ብረት ነክታችሁ ከሰውነታችሁ የኤሌክትሪክ ሙላቱን አስወግዱ። አራት ስሎት ካለ ሁለቱን ራሞች ከፕሮሰሰሩ ቆጥራችሁ 2ኛው እና 4ኛው ላይ ሰኩ፤ አብዛኞቹ ቦርዶች በዚህ ይሄዳሉ፣ የቢሮ ኮምፒውተሮች ግን ቅደም ተከተሉን በቀለም ወይም በቁጥር ስለሚያሳዩ እሱን ተከተሉ። ራሙን ከሁለቱም ጫፍ እኩል ተጫኑ፤ መቆለፊያው ቀጭ ብሎ ሲገጥም ገብቷል ማለት ነው።

አዲስ ዲዲአር5 ኤኤም5 ላይ መጀመሪያ ሲበራ ሜሞሪውን እየለካ ለብዙ ደቂቃ ጥቁር ስክሪን ሊያሳይ ይችላል። ተበላሸ ብላችሁ አታጥፉት፤ ታገሱት።

ሲነሳ ዲሊት ወይም ኤፍ2ን እየነካካችሁ ባዮስ ግቡ። ምርጫው ኤክስኤምፒ፣ ኤክስፖ ወይም በአሱስ የኤኤም4 ቦርዶች ላይ ዲኦሲፒ ይባላል። አብሩት፣ አስቀምጡ፣ ውጡ፤ ከዚያ ታስክ ማናጀር ላይ ቁጥሩን አረጋግጡ።

አንላቀቅም የሚሉ ችግሮች

ኮምፒውተሩ እየበራ እየጠፋ ከተመላለሰ ወይም ምስል ካልሰጠ ኃይሉን ንቀሉና ሲአር2032 ባትሪውን ለጥቂት ደቂቃ አውጥታችሁ መልሱ፤ ባዮሱ ወደ መነሻው ይመለሳል። ከዚያ በአንድ ራም ብቻ 2ኛው ስሎት ላይ ሞክሩ። ከተነሳ ሌላውን በዚያው ስሎት ፈትሹ፤ የተበላሸው ራሙ ይሁን ስሎቱ በዚህ ይለያል። የራሙ እግሮች ከቆሸሹ በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብሎ ማሸትና ብናኙን ማራገፍ ብዙ ያገለገለ ራም ያስነሳል።

መደበኛው ፍጥነት ላይ ሠርቶ ኤክስኤምፒ ሲበራ ብቻ ካስቸገረ ራሙ አልተበላሸም፤ ፕሮሰሰሩ ወይም ቦርዱ ያን ፍጥነት አልያዘም። ቮልቴጁን እንዳለ ትታችሁ ፍጥነቱን አንድ ደረጃ አውርዱ፦ ከ3600 ወደ 3466 ወይም 3200፣ ከ6000 ወደ 5600። አሮጌ ባዮስ ላይ ያለ ኤኤም4 ወይም ኤኤም5 ቦርድ ደግሞ በማደስ ብቻ የሚስተካከልበት ጊዜ ብዙ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ያለ ዩፒኤስ ባዮስ አታድሱ፤ መሃል ላይ ከጠፋ ቦርዱ ላይነሳ ይችላል።

ዊንዶውስ ተነስቶ ፋይሎች ከተበላሹ፣ ፕሮግራሞች ያለ ምክንያት ከተዘጉ ወይም ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ ሜምቴስት86ን ፍላሽ ላይ ጫኑና ከእሱ አስነሱ። ነፃው ቅጂ አራት ዙር ይፈትሻል፤ ራሙ ትልቅ ከሆነ ሰዓታት ስለሚወስድ ማታ አስጀምራችሁ ተኙ። አንድ ስህተት እንኳ ከወጣ ያ ፍጥነት አልተያዘም ማለት ነው፤ ኤክስኤምፒውን አጥፍታችሁ ድገሙት። በመደበኛው ፍጥነትም ስህተት ካወጣ ራሞቹን አንድ በአንድ ለይታችሁ ፈትሹና ስህተት ያወጣውን፣ ዋስትናው ሳያልፍ፣ ለሻጩ መልሱ።